ከጥቁሩ ክር ሥር

በዚህ መጽሔት የሚወጣውን የፍቅር ታሪክ ዓርብ ዓርብ የምታነብልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ አርባ ዓመት በስፌት መኪና ላይ ያጎነበስኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ትልልቁን ፊደል እንጂ የእናንተን ደቃቅ ጽሑፍ አይለይም። እሷ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ መጽሔቱን ከቦርሳዋ ታወጣና፣ «እምዬ፣ ዛሬ ማን ማንን አስለቀሰ?» ብላ ትጀምር ነበር። ሴትየዋ ስታለቅስ ድምጿን ታቀጥናለች፤ ወንዱ ሲምል ታጎረንናለች። ሁለታችንም እንስቃለን። አንዳንድ ቀን እኔ በሳቅ አሳብቤ አለቅሳለሁ።

ዛሬ የምጽፈው ታሪክ ግን የእሷ ነው። ትምህርቴ የማታ ነው፣ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ አረፍተ ነገሬ ቢጣመም ታገሡኝ። ስም አልጠራም። ልጅቷን ቤት ውስጥ «መርፌ» እላታለሁ። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች ናት፣ በተሳሳተ በኩል ከያዟት ትወጋለች። ውሸት አይሆንላትም። አንዴ የሰፈር ሰው «አያትሽ አለች?» ብሎ ሲጠይቃት፣ የለችም በይው ብዬ ብልካት፣ «‹የለችም በይው› ብላለች» ብላ የተመለሰች ልጅ ናት። እናቷን ከቀበርኩ ወዲህ ያለችኝ እሷ፣ ያለኋትም እኔ ነኝ።

የወደደችው ልጅ መነጽር ያደርጋል። እኔና ጎረቤቴ «ባለ መነጽሩ» ነበር የምንለው። ጎረቤቴ ያልኳችሁ በእኔው የፊት ክፍል ጥግ ተቀምጦ የሰው ልብስ የሚተኩስ ሰውዬ ነው፤ ስሙን ሁሉም ረስቶት ካውያው ሆኖ ቀርቷል። የፊት ክፍሉ መስፊያ፣ የኋላው መኖሪያችን ነው። እንግዲህ ሰዎቹ እነዚህ ናቸው። አንዲት ሴት ብቻ ትቀራለች፤ እሷ ስትመጣ ትመጣለች።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንድ ማመልከቻ ነው። መርፌ የምትማረው የዓይን ጤና ነው፤ ያን ጊዜ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ለመመረቂያዋ ልታጠና ያሰበችው እኛን ልብስ ሰፊዎችን ነው። ስልሳ ሴት ትፈልጋለች፤ በየመስፊያችን ያለውን ብርሃን በመሣሪያ ለክታ፣ ዓይናችንን አስመርምራ፣ በምን ዓይነት ብርሃን ስንት ዓመት የሠራች ሴት ዓይኗ እንደሚደክም ልታውቅ። መለኪያውም፣ ምርመራውም፣ መመላለሻውም ወጪ ነው። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ለጥቂት ተመራቂዎች የምርምር ድጋፍ ይሰጣል። ያንን ካገኘች ጥናቷን ትሠራለች። ካላገኘች ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላ ሌላ ሰው የጻፈውን ቀድታ ትመረቃለች። ለከርሞ ልሞክር እንዳትል ለከርሞ ተማሪ አይደለችም።

ማመልከቻውን አሥራ አንድ ጊዜ ጻፈችው። እኔ እንደ ልማዴ ከአጠገቧ አልጠፋም።

«‹ችግረኞች ነን› በይበት እንጂ።»

«እምዬ፣ ይሄ ምጽዋት አይደለም፤ ጥናት ነው።»

«ምጽዋትም ቢሆን ይስጡሽ ብዬ ነው።»

«የጥናቱ አስፈላጊነት» በሚለው ቦታ ላይ መጀመሪያ የጻፈችው፣ «ያሳደገችኝ ሴት ራሷ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት አራት ዓመት ሆናት» የሚል ነበር። አማካሪዋ ሰረዘው። ሳይንስ አያት የለውም አላት መሰለኝ። የተሰረዘውን ወረቀት ግን እኔ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን ያቺ ሴት ትምጣ። የድጋፍ ኮሚቴው ሰብሳቢ አንዲት ፕሮፌሰር ናት፤ የባለ መነጽሩ እናት። ዘጠኝ ዓመት ልብሷን ሰፍቼላታለሁ፣ ቤቷ ድረስ እየሄድኩ። መርፌ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የሚጠብቃት ሰው አጥቼ አንድ ቀን ይዣት ሄድኩ። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ የቀሚሱን ጠርዝ በጠመኔ ሳሰምር፣ ልጅቷ ደክሟት ነጩ ወንበር ላይ ወጣች። ሴትየዋ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። ዞር እንኳ አላለችም። «ልጅቷን ከወንበሩ አንሺያት፤ ጨርቁ ነጭ ነው» አለችኝ። ልጄ ንጹሕ ነበረች። ጠዋት በገዛ እጄ ነበር ያጠብኳት። አነሣኋት። ቀሚሱን ጨረስኩ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ፤ ሁለተኛ አልተመለስኩም። መርፌ ይህን አታስታውሰውም። ለእኔ ግን ያ ወንበር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲደበዝዝ እሱ አልደበዘዘም።

ባለ መነጽሩ የማን ልጅ እንደሆነ ያወቅሁ ቀን የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ልጁ በሌላ ክፍል የቤተ ሙከራ ረዳት ነው። የብርሃን መለኪያ ልትዋስ ሄዳ ነው የተዋወቁት። መለኪያውን ሊያሳያት ሲያበራው እጁ ተንቀጥቅጦ ቁጥሩ አልቆም አለ፤ «መሣሪያው ነው የተበላሸው ወይስ አንተ?» አለችው። ይህንን ለእኔ ስትነግረኝ እንዴት እንደሳቀች! እኔ ግን አልሳቅሁም። «የትልቅ ሰው ልጅ ነው፤ ተይው» አልኳት። «ትልቅነቱን አላየሁም፤ ቁመቱ ልክ እንደ እኔ ነው» ብላኝ አረፈች። ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ በዚህ ዘመን፣ በወረቀት። የእሱን ደብዳቤዎች በጫማ ካርቶን ታስቀምጣቸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጣ። መርፌ ትምህርት ላይ ነበረች። በክንዱ ሱሪ አንጠልጥሏል።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ሱሪ ላሳጥር ነበር።»

ለካሁት። «ሱሪው እኮ ልክህ ነው።»

«ያው... ትንሽም ቢሆን።»

ካውያው ከጥጉ፣ «ያሳጥሩለት እንጂ እማማ! እዚህ ለመምጣት ከሆነ እግሩንም ያስረዝማል» አለ።

ልጁ ግን አልሳቀም። ወንበሩን ወደ መኪናዬ አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ ኮሚቴው ውስጥ ጸሐፊ አድርገውኛል። ድምፅ የለኝም፤ ቃለ ጉባኤ ነው የምይዘው። ሆኖም እያንዳንዳችን የአመልካቾች ዝርዝር ይሰጠንና በየስሙ ትይዩ ትውውቅ ካለን እንጽፋለን። ትውውቅ ያለበት ማመልከቻ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።»

«እሷ የሚቀጥለው ዓመት የላትም!»

«እሱን ነው የምልዎት።»

«ታዲያ አንተ ለምን አትወጣላትም?»

«ጸሐፊ መሆኔን ያወቅሁት ዝርዝሩ ሲሰጠኝ ነው። አሁን ልውጣ ብል ‹ስለማን ብለህ?› እባላለሁ። ጠያቂዋ ደግሞ እናቴ ናት። እናቴን ያውቋታል።»

አውቃታለሁ እንጂ።

«‹አላውቃትም› ብዬ ጽፌ ፈረምኩ» አለ። ሲለው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይጠርግ ነበር፤ ያልቆሸሸ መነጽር። «ነገ ጠዋት የሁላችንም ወረቀት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ተቃውሞ ያለው እንዲያይ አምስት ቀን ይቆያል። ከአመልካች ጋር መነጋገር ተከልክለናል። ደግሞ እኔ ከነገርኳት ያውቋታል፤ ሮጣ ሄዳ ‹ያውቀኛል!› ነው የምትለው። ስለዚህ ሁሉንም ጻፍኩላት። እርስዎ አጠገቧ ሆነው ያስነብቧት። እርስዎን ትሰማለች። ውሳኔው እስኪነገር ብቻ ትታገሠኝ። ከዚያ በእናቴም ፊት፣ በማንም ፊት አውቃታለሁ እላለሁ።»

ፖስታውን ሰጠኝ። ወፍራም ነበር። የመኪናዬን ሁለተኛ መሳቢያ ስቤ ከጥቁሩ ክር ሥር አስገባሁት።

«ዛሬውኑ እሰጣታለሁ» አልኩት። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር። ይመስለኛል።

ሲወጣ ትከሻው ቀለል ብሎት ነበር። ሱሪውን እንኳ መቼ ልውሰድ አላለም።

መርፌ መጣች፤ ራት በላን። መሳቢያው ሦስት እርምጃ ነው። አሁን ብሰጣት ሮጣ ሄዳ ራሷን ታጋልጣለች አልኩ፤ ጠዋት ልስጣት አልኩ። ጠዋት ቁርሷን ቆማ በልታ ወጣች። እኔም፣ ከመምህሯ ቀጠሮ አላት፣ አላስረፍዳት አልኩ። ሰው ላለማድረግ ሲፈልግ ምክንያት እንዴት በየደጁ ተሰልፎ ይጠብቀዋል!

እኩለ ቀን ላይ ተመለሰች። ከመኪናዬ ክንድ የማይርቀው በር ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«አላውቃትም ይላል፣ እምዬ።»

«ማን?»

«ሌሎቹ ሰረዝ ነው ያደረጉት። የማያውቁኝ ሁሉ ሰረዝ ብቻ። እሱ ግን በዚያ በሚያምር ጽሑፉ አስተካክሎ፣ ፊደሉን ሳያጓድል ‹አላውቃትም› ብሎ ፈርሟል። ስሜ ሥር። ተማሪው ሁሉ እያለፈ ያነባል።» የበሩን መቃን ያዘች። «ምናልባት ምክንያት ይኖረው ይሆን? እምዬ፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ። ሰው የሚወደውን ሰው አላውቅም የሚለው ለምን ይሆናል?»

መልሱ ጉልበቴ አጠገብ ነበር። መሳቢያው ጉልበቴን ይነካኛል፤ እግሬ መርገጫው ላይ ነው። ቀና ስል ፊቷን አየሁት፤ ያኔ ከነጩ ወንበር ሳነሣት የነበረው ፊት ነው። እንዲያው ያው ራሱ። ዛሬ አንድ ቀን አልቅሳ ትርሳው አልኩ። ኋላ እዚያ ቤት ገብታ ዕድሜዋን ሙሉ ከወንበር ከምትነሣ።

«እኔ ምን ብዬሽ ነበር?» አልኳት።

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ለሚስትነት የሚያስባት ሴት ብትሆኚ በእናቱ ፊት ያፍርብሽ ነበር? እነሱ እኛን የሚያውቁን ልብሳቸው ሲጠብባቸው ነው።»

ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። በዚህ አፌ።

ወደ ኋላ ክፍል ገባችና የጫማ ካርቶኑን ይዛ ወጣች። ቀጥ ብላ ወደ ካውያው ሄደች። የከሰሉን ካውያ ክዳን ከፈተችና ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ትጨምር ጀመር። አታለቅስም። ጭሱ ክፍሉን ሞላው። ሰውዬው እጁን ሰብስቦ እኔን ያየኛል።

«እማማ...» አለ ቀስ ብሎ።

«ሥራህን ሥራ!» አልኩት።

የመጨረሻዋን ከመጨመሯ በፊት ለአፍታ አሸተተቻት። እሱ ነው አንጀቴን የበላው። ግን አልተነሣሁም።

ሰኞ ዕለት አመልካቾች ሐሳባቸውን በኮሚቴው ፊት አስረዱ። እኔም ነበርኩ። ብርሃን ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት፣ አንዲት ልብስ ሰፊ በደካማና በደህና መብራት መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ያዩ ዘንድ፣ ልጄ እኔን ይዛኝ ሄደች። የክት ቀሚሴን ለብሻለሁ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት ሰው። ባለ መነጽሩ ከዳር ተቀምጦ ይጽፋል።

በደካማው መብራት ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። ክሩ መርፌውን እየሳተ አየር ይወጋል። አንዲት መምህርት ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረች። በደህናው መብራት በሁለተኛው ገባልኝ። መርፌ ቁጥሩን እየጠቀሰች፣ ድምጿ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደናቀፍ አስረዳች። ኮራሁባት። ያን ሁሉ አድርጌባት እንኳ ኮራሁባት።

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«ይቺ ልብስ ሰፊዬ አይደለችም እንዴ?»

«ነበርኩ፣ እትዬ።»

አንዱ ሽማግሌ መምህር፣ «እንግዲያው ትውውቅ ነው፤ ይመዝገብ ይሆን?» አለ።

«የምን ትውውቅ?» ሳቀች። «ቁልፍ የተከለልኝን ሁሉ አውቃለሁ ልል ነው?»

ጠረጴዛው ዙሪያ ተሳቀ። የባለ መነጽሩ ብዕር ቆመ። መርፌ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«አንቺስ ልጄ» አለች ሴትየዋ፣ «ለሥርዓቱ ያህል ነው፤ እዚህ ከተቀመጥነው የምታውቂው ሰው አለ?»

መርፌ በስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችው። እሱም አያት። እኔ ከዚያ ርቀት ፊት አይታየኝም፤ ዝምታ ግን ይታየኛል።

«የለም» አለች። «እዚህ የማውቀው ሰው የለም።»

እሱም፣ ኋላ እሷ እንደነገረችኝ፣ ፈገግ አለ! አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው እንዳያይበት በእጁ ሸፍኖ፣ ግን ሽፋኑ አልበቃውም። ጎበዝ ማለቱ ነበር። አንብበሽ ገብቶሽ፣ እንደ እኔው ቻልሽው ማለቱ ነበር። ለእሷ ግን ያ ፈገግታ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዝ አድርጋኝ፣ «ሳቀብኝ፣ እምዬ» አለችኝ። «እናቱ አንቺን ስታዋርድ ዝም ብሎ፣ እኔ ስናገር ሳቀ።»

በዚያ አዳራሽ ሁለቱንም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ብከፍተው በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ይልቅስ በውስጤ ሌላ ነገር ተሰማኝ፤ ለመጻፍም ያሳፍራል። እፎይ አልኩ።

ውጤቱ ሐሙስ ተለጠፈ። መርፌ አንደኛ ወጥታ ድጋፉን አገኘች። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ባለ መነጽሩ እየሮጠ መጣ። ላብ መነጽሩን አደብዝዞታል። መርፌ በእኔና በካውያው መሃል ቆማ ለስልሳው ሴት የሚታደለውን የጥያቄ ወረቀት ትደረድር ነበር።

«አለፍሽ!» አለ ከበሩ። «አንደኛ! ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ ስምሽን ሁለት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩት!»

«ማን ልበል?» አለችው።

ሳቀ። «ተይ በቃ፤ አልቋል እኮ። ከዛሬ ጀምሮ መተዋወቅ ተፈቅዷል።»

«እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር አልቀልድም።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «ምን ሆነሻል? ሰኞ ለት እኮ... ያን መልስ ስትመልሺ... ደብዳቤዬን አላነበብሽም?»

«የትኛውን? ካውያው ውስጥ አመድ ሆኗል።»

«የማክሰኞውን ነው የምልሽ። ለምን እንደፈረምኩ የነገርኩሽን። ለእማማ የሰጠኋቸውን።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እግሬ መርገጫው ላይ ነበር። መሳቢያው ጉልበቴን ነካኝ። እግዜር ይመስክርብኝ፣ እጄ ወደ እሱ ሊሄድ ጀምሮ ነበር። መርፌ ግን ቀደመችኝ። ከኋላዬ መጥታ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ከእሱ ልትጠብቀኝ።

ሰውነቴ ሁሉ ያን እጅ እንዳያጣ ፈራ።

«የምን ደብዳቤ?» አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያ መንቀጥቀጥ ያለበት ድምፅ አልተንቀጠቀጠም።

ካውያው መተኮሻውን ሸሚዝ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ መጣ።

ባለ መነጽሩ አየኝ። ክንዱን ቢዘረጋ መሳቢያውን ይደርስበታል፤ ሳስገባው አይቶኛል፣ ያውቃል። ከፊቴ ወደ መሳቢያው፣ ከመሳቢያው ትከሻዬ ላይ ወዳለው እጅ አየ። እዚያ እጅ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያም መነጽሩን አወለቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ» አለ። «ተሳስቻለሁ። ልሰጥዎት አስቤ ነበር እንጂ... አልሰጠሁዎትም።»

«አያቴን በፊቴ ሐሰተኛ ልታደርጋት ነበር?» አለች መርፌ። ድምጿ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር፤ ኋላ ተሰነጠቀ። «እኔን ካድከኝ፤ ይሁን። እሷን ግን! በዚህ ዓለም ላይ የማትዋሸኝ አንዲት ሰው ነው ያለችኝ። አንተ በገዛ እጅህ ጽፈህ ፈርመሃል።»

«ፈርሜያለሁ» አለ።

«ታዲያ ሂድ። ፊርማህን አክብር።»

ከበሩ ሲወጣ ደፋ ቀና እያለ ነበር፤ መነጽሩን በእጁ እንደያዘ። ልጄ ትከሻዬ ላይ ግንባሯን ደፍታ፣ ከስድስት ዓመቷ ወዲህ አልቅሳ የማታውቀውን ልቅሶ አለቀሰችው። እኔ ጸጉሯን እዳብስ ነበር። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» እላት ነበር።

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሆነው ነው። ልጁ ሥራውን ለቆ ሩቅ ከተማ ሄደ፤ በአንድ የዓይን ሕክምና ቤት ይሠራል አሉ። ሱሪው ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሰፍቼዋለሁ፤ ጠርዙን እንደ እሱ አጥርቼ የሰፋሁት ልብስ የለኝም።

መርፌ ስልሳዎቹን ሴቶች ከቤት ቤት እየዞረች ለካች፣ አስመረመረች፣ ጻፈች። ለእኔም መነጽር አሠራችልኝ፤ ለርቀት አይሆንም እንጂ ለመጻፊያ ይሆናል፤ ይህን የምጽፈው በእሱ ነው። መጽሔቱንም ዓርብ ዓርብ ታነብልኛለች። ግን ወንዱ ሲምል ድምጿን አታጎረንንም። ቀጥ አድርጋ፣ የመድኃኒት ማዘዣ እንደምታነብ፣ አንብባው ታልፋለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጥናቷ ተጠርዞ መጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ቆማ አነበበችልኝ፤ ካውያውም እየሰማ።

«ለአያቴ፤ ዓይኗን ለእኔ ላፈሰሰች፣ አንድም ቀን ላልዋሸችኝ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ሁለቱንም ዓይኖቼን ሳመች።

ካውያው መተኮሻውን እንደጋለ ትቶ ወጣ። ኋላ እሷ ስትሄድ ተመልሶ መጣና፣ «እማማ» አለኝ፣ «እኔ ያን ቀን ሸሚዝ ነው ያቃጠልኩት። ሄጄ ለባለቤቱ ተናግሬ ተገላገልኩ።» ከዚያ ወዲህም ቀልድ አላመጣም።

ልነግራት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ምን ሆንሽ እምዬ? አመመሽ?» ብላ ግንባሬን ነካችኝ፤ ያ እጅ ደግሞ አፌን ዘጋው። በምላሴ ያልወጣው በብዕር ይውጣ ብዬ ጻፍኩ። ወደ መጽሔቱ ቢሮ ያደረሰልኝ ካውያው ነው።

እንግዲህ መርፌ፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ጫማሽን አላወለቅሽም። መጀመሪያ ላይ «እንደኛም ያለ አለ እንዴ!» ብለሽ ሳቅሽ ይሆናል። ስምሽ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያነበብሽው በልብሽ ነው፤ እኔም «ምነው ዝም አልሽ?» አላልኩሽም።

ፖስታውን አልከፈትኩትም። ከጥቁሩ ክር ሥር ነው፣ ሁለተኛው መሳቢያ፤ ቁልፍ የለውም። የልጁን አድራሻ ካውያው ያውቃል። ያን የምስጋና ቃልሽን ቀደሽ ጣዪው፤ ማንም አይከፋውም፣ እኔም ልከፋ አይገባኝም።

አሁን ከፊትሽ በርጩማው ላይ ተቀምጫለሁ። በጥናትሽ እንደጻፍሽው የእኔ ዓይን ከሁለት ክንድ ወዲያ ፊት አይለይም፤ ስለዚህ እንዴት እያየሽኝ እንደሆነ አላውቅም። ጆሮዬ ግን ደህና ነው። መሳቢያው ሲሳብ እንጨቱ ይጮኻል፤ በሩ ሲዘጋ ብረቱ።

እያዳመጥኩ ነው።